ስናድርና ሴባስቶፖል

አንባብያን ሆይ፤ በጎንደር ደጋ የሽማግሌዎችን ጨዋታ ሰምታችሁ እንደ ሆነ «ስናድር» የሚለው ቃል ለጆሯችሁ እንግዳ አይሆንም። አንዱ ስናድሩን ሽጦ ጥማድ በሬ ገዛ፤ ሌላው በስናድር ነብር ጣለ፤ የሦስተኛው ስናድር ከአያት ለልጅ ልጅ ወርዶ አቧራ ለብሶ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቃሉ ግን አማርኛ አይደለም፤ ጃኮብ ስናይደር የሚባል፣ በፊላደልፊያ ከተማ የወይን ጠጅ ይነግድ የነበረ የአሜሪካዊ ሰው ስም ነው። ይህ ሰው አዲስ ጠመንጃ አልሠራም። ያደረገው ነገር ቢኖር፣ የእንግሊዝ ጦር በመጋዘን ያከማቸውን በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ከኋላው ቆርጦ ከፍቶ፣ ጥይቱ ከነቀለሁ የሚተኛበትን ቀዳዳ በልክ አስፍቶ፣ በላዩ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ማበጀት ነበር። እንግሊዞች አሳቡን በ1866 እ.ኤ.አ. ተቀበሉት። ስናይደር ግን የድካሙን ዋጋ በወጉ ሳያገኝ በዚያው ዓመት በዕዳ እንደ ተጨነቀ ሞተ። ስሙ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ እኛ አገር መጣ፤ እንዴት እንደ መጣ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ጠመንጃ ጀግንነት አላወራም፤ ስለዚያ ሁሉ ሌሎች በሚገባ ጽፈዋል። እኔ የማወራው ስለዚያች ቀዳዳ ነው፤ ይልቁንም ቀዳዳዋን በልክ ስለሚያሰፋው መሣሪያ ነው። ባለ ቶርኖዎች «ሪመር» ይሉታል። እኔም የተሻለ ቃል እስካገኝ ድረስ እንደ እነርሱ እላለሁ።

በቋንቋችን ጠመንጃ ጥይት «ጎረሰ» ይባላል። እንግዲህ የጎረሰው ነገር የሚያርፍበት ጉሮሮ አለው ማለት ነው። ጉሮሮው ቀጥ ያለ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ማናቸውም መሰርሰሪያ በሠራው ነበር። የስናድር ጥይት በእርግጥ ቀጥ ወደ ማለት ያደላል። የዉጅግራና ከእርሱ በኋላ የመጡት ጥይቶች ግን ጠርሙስ ይመስላሉ፤ ከታች ሰፋ ብለው ወደ ላይ በጥቂቱ እየጠበቡ ይሄዱና ትከሻ ይሠራሉ፤ ከትከሻው በላይ አንገት አለ፤ በአንገቱ ላይ እርሳሱ ተሰክቷል። ሪመር ማለት ይህንኑ የጠርሙስ መልክ ይዞ የተበጀ፣ በጎንና በጎኑ ስለታም ከንፈሮች ያሉት የጠነከረ ብረት ነው። በቀዳዳው ውስጥ ቀስ እያለ ሲዞር ፍቅፋቂውን እያወጣ የራሱን መልክ ትቶ ይወጣል፤ ማኅተም በሰም ላይ መልኩን እንደሚተው ያለ ነው። መልካሙን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ጭምር ይተዋል። ስለዚህ ሪመሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ በእርሱ የተበጁት ጠመንጃዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዘው ይወለዳሉ።

ስሕተቱስ ምን ያህል ቢሆን ነው የሚጎዳ? የራስ ፀጉር ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የጉሮሮው ርዝመት ከሚገባው በላይ በጥቂት ፀጉር ውፍረት ቢበልጥ ነገሩ አደገኛ ይሆናል። ባሩዱ ሲነድ የናሱ ቀለህ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከጉሮሮው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ይህም መልካም ነው፤ ጢሱና እሳቱ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚዘጋው ይኸው መነፋቱ ነውና። ነገር ግን በቀለሁ ቂጥና በክዳኑ መካከል ባዶ ቦታ ካለ፣ ፊቱ ተጣብቆ የቀረው ቀለህ ኋላው ወደ ክዳኑ ይገፋል፤ ናሱ ይሳሳል፤ ከሥሩ ይቀደዳል። ያን ጊዜ እሳቱ የሚመጣው ጠላት ወዳለበት አይደለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወዳነጣጠረው ባለ ጠመንጃ ፊት ነው። በአንጻሩ ጉሮሮው ቢጠብ ክዳኑ አይዘጋም፤ በግድ ቢዘጋም ቀለሁ ተቸክሎ አልወጣ ይላል። ስለዚህ በፋብሪካ ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉ። አንደኛው ሲገባ ክዳኑ መዘጋት አለበት፤ ሁለተኛው ሲገባ መዘጋት የለበትም። የጠመንጃው ደኅንነት ያለው በእነዚህ በ«ይዘጋል»ና በ«አይዘጋም» መካከል ባለችው ጠባብ ስፍራ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን መሣሪያ በቤታቸው ጓዳ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ይህን ስናነብ ወዲያው «እኛስ ምን አነሰን?» ማለታችን አይቀርም፤ ተማሪዎቼም ይሉኛል። ነገር ግን የእነዚያን ሰዎች ጓዳ ገብታችሁ ብታዩ ቶርኖ ታገኛላችሁ፤ የሚሊሜትርን መቶኛ የሚያነብ ማይክሮሜትር ታገኛላችሁ፤ ውስጡ ምን ያህል ካርቦን እንዳለበት በወረቀት የተጻፈለት ብረት ታገኛላችሁ። በቤት የተሠራው ድካሙ ብቻ ነው፤ ልኩ ከፋብሪካ የተገዛ ነው። ያም ሁሉ ኖሮ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ ብረቱ ግሎ ውሃ ወይም ዘይት ሲጠጣ በጥቂቱ ይጣመማልና። ዓይን የማያየው ያ መጣመም የሳምንቱን ልፋት ከንቱ ያደርገዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወገራ በኩል ስሄድ በገበያ ዳር ወናፉን ዘርግቶ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ አንድ አረጋዊ ቀጥቃጭ ዘንድ ቁጭ ብዬ ዋልሁ። በጉልምስናው ጊዜ የሰፈሩን ጠመንጃ ሁሉ ያድስ እንደ ነበረ ነገሩኝ። የቃታ ሞላ ከተሰበረ ይቀጠቅጣል፤ ሰደፍ ከተሰነጠቀ ከወይራ ጠርቦ ይተካል፤ የጎደለውን ብሎን በሞረድ ያወጣል። ብረቱ ሲግል ከገለባ መልክ ወደ ሰማያዊ የሚለወጥበትን ቅጽበት በዓይኑ ያውቃል፤ የእኛ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይህን በሠንጠረዥ ያስተምራል፤ እርሱ ግን ሠንጠረዡን አይቶት አያውቅም። «አባቴ፣ ጥይት የሚጎርስበትንስ አብጅተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና «ልጄ፣ ያልለካሁትን አልነካም» አለኝ። መልሱ እኔ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከማስተምረው ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያጫወተኝ ግን አላሳቀኝም። ማረሻውን የሚገዙት ጎረቤቶቹ ቤቱ ገብተው ቡና አይጠጡም። ልጁን ለመዳር ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ ሦስቱም ጊዜ «ዘሩ ከብረት ነው» ተብሎ ቀርቷል። «ቡዳ» የሚለውን ቃል እርሱ አልተናገረውም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

ይህ የአንድ ሰው ዕድል አይደለም። በጎንደር ዙሪያ ለብዙ ዘመን ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩ፣ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩት በብዛት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከከተማዋ በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ ያለችው ወለቃ የእነርሱ መንደር ነበረች። በጎንደር ግንቦች ሥራ ላይም እጃቸው እንዳለበት ይነገራል። ቀን ማረሻቸውን የሚገዛ ሰው ማታ ጅብ ሆነው እንደሚዞሩ ለልጆቹ ያወራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሞያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ አገር የሞላው ስለ ነበረ ነው። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ወለቃን ዛሬ የሚጎበኝ እንግዳ የሚገዛው የሸክላ ምስል ነው፤ ከመዶሻው ድምፅ የቀረ ብዙ የለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከማንም አስቀድሞ የተረዳ አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም ከቋራ የወጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የጎንደር ሰው ለቴዎድሮስ ሁለት ልብ ነው ያለው፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አስዘርፈው አቃጥለዋልና ይህን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ጠመንጃን ከመግዛት ጠመንጃ የሚሠራውን እጅ ማግኘት እንደሚበልጥ የገባቸው እርሳቸው ናቸው። ከጎንደር ወደ ደቡብ ምሥራቅ በአየር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ባለእጆችን ሰበሰቡ፤ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ሞሪትዝ ሆልና ሌሎችም ነበሩ። ከእነዚህ የሚበዙት በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ እንጂ መድፍ አፍስሰው የሚያውቁ አልነበሩም። ንጉሡ ግን መንገድ አሠሯቸው፤ ሠረገላ አሠሯቸው፤ በመጨረሻም መድፍ አፍስሱ አሏቸው። የመጀመሪያው ማቅለጥ ከሸፈ። እንደ ገና ተሞከረ፤ ቆይቶም ተሳካ። የሥራው መጨረሻ ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነ የነሐስ ሞርታር፤ ስሙንም ያገኘው እንግሊዝና ፈረንሳይ ከሩሲያ ጋር በተዋጉበት በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ ነው።

አንባብያን እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ሴባስቶፖል የተሠራው በማፍሰስ ነው። መልኩን የሰጠው የጭቃው ቅርጽ ነው። ሞርታር አጭርና አፈ ሰፊ ነው፤ ጥይቱን ወደ ሰማይ ወርውሮ ከላይ የሚጥል በመሆኑ አፉ በአንድ ጣት ውፍረት ቢሳሳት እንኳ ያው ሞርታር ነው። የስናድር ጉሮሮ ግን በማፍሰስ አይገኝም፤ ተፍቆ፣ ተለክቶ፣ እንደ ገና ተፍቆ ነው የሚገኘው። በጋፋት እሳት ነበረ፤ ነሐስ ነበረ፤ ብርቱ እጅ ነበረ፤ የንጉሥ ቁጣም ሳይቀር ነበረ። ያልነበረው ለፀጉር ውፍረት የሚጠነቀቅ ቶርኖና ልኩን የሚይዝ መለኪያ ነው።

ንጉሡ ይህንም አላጡትም። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ሲልኩት የጠየቁት የሠለጠኑ ባለእጆችንና የሥራ መሣሪያ ነው። ባለእጆቹና መሣሪያው ተዘጋጅተው እስከ ምፅዋ ድረስ መጡ። ከዚያ ግን አላለፉም። እንግሊዞች «አስቀድመህ ያሰርኻቸውን ሰዎች ፍታ» አሉ፤ ንጉሡ ደግሞ «አስቀድማችሁ ሰዎቹን ስደዱ» አሉ። ማንም ሳይቀድም ቀረ። ባለእጆቹ በምፅዋ ሙቀት ብዙ ወራት ተቀምጠው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በእኔ አስተያየት ከመቅደላ ውድቀት ይልቅ የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ስለ መቅደላ ሺሕ ጊዜ ተዘፍኗል፤ ስለ ምፅዋው ሣጥን የዘፈነ አልሰማሁም።

ጥያቄውን የእብድ ጥያቄ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ ስሕተት ነው። እንግሊዝ ራሷ በዚያው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት አሥር ዓመት ውስጥ፣ ለኤንፊልድ የጠመንጃ ፋብሪካዋ የሚሆኑትን መኪናዎች ከአሜሪካ ገዝታ አስመጥታለች። አገር ከአገር መሣሪያ መዋስ የኖረ ነገር ነው። ከዚያም በፊት በ1774 እ.ኤ.አ. ጆን ዊልኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የመድፍን ሆድ በትክክል የሚቦረቡር መኪና አወጣ። ጄምስ ዋት ያን ጊዜ በእንፋሎት ሞተሩ ተቸግሮ ነበር፤ ሲሊንደሩ ክብነቱን ባለመጠበቁ እንፋሎቱ በጎን ያመልጥ ነበርና። ዊልኪንሰን ለመድፍ ባወጣው ጥበብ ሲሊንደሩን ቦረቦረለት፤ ስሕተቱም ካረጀ ሽልንግ ውፍረት የማይበልጥ ሆነ። ሞተሩም ሠራ። በልክ የሚፍቅ መሣሪያ ያገኘ ሰው መድፍ ብቻ አያገኝም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ስናድር ልመለስ። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን በገደልና በሸለቆ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን ራሳቸው ሳይቀሩ እየጠረጉ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸው መቅደላ ደረሱ። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ወደ እሮጌ ሜዳ ወረዱ። ከላይ ከአምባው የተተኮሰው ትልቅ መድፍ ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከታች ይጠብቃቸው የነበረው የእንግሊዝ 4ኛ ሬጅመንት የያዘው ስናድር ነበር፤ ይህ ጠመንጃ በትልቅ ዘመቻ ሲፈተን ያ የመጀመሪያው ነው። የእኛ ሰዎች በአፈሙዙ ባሩድ አፍስሰው፣ እርሳስ ከትተው፣ በዘንግ ጠቅጥቀው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲተኩሱ፣ በስናድር የሠለጠነ ወታደር 10 ጊዜ ይተኩሳል። አብረው የመጡት የህንድ ወታደሮች እንኳ ገና በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር የያዙት፤ እንግሊዞች ከ1857 እ.ኤ.አ. አመፅ ወዲህ አዲሱን መሣሪያ ለህንዶች ማደል ፈርተው ነበርና። በዚያ ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ከእንግሊዝ በኩል 20 ያህል ቆሰሉ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው አለፉ።

የጀግንነት ልዩነት አልነበረም፤ ይህን እንግሊዞችም አልካዱም። ልዩነቱ ጃኮብ ስናይደር በአሮጌ ጠመንጃ ኋላ ያስፋው ቀዳዳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ጦር ጠመንጃውን ባደሰ ቁጥር ያረጀው ወደ ቀይ ባሕር ይሸጥ ጀመር። ስናድር መጣ፤ ዉጅግራ መጣ። ዉጅግራ ማለት ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት፣ ከኮሎኔል ባዚል ግራ ስሙን ያገኘው የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ነው። እርሱም ቢሆን ብዙው በወረቀት ጥይት ይተኩስ ከነበረው ከአሮጌው ሻስፖ ጉሮሮው ታድሶ የወጣ ነው። ባላገር ግን የጥይት ችግር ያዘው። ጥይት ውድ ከመሆኑ የተነሣ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ለመገበያያ ይሰጥ ነበር። የተተኮሰውም ቀለህ ተለቅሞ እንደ ገና ባሩድና እርሳስ ይሞላ ነበር። የተተኮሰ ቀለህ ደግሞ የተተኮሰበትን ጉሮሮ መልክ ይይዛል፤ በአንዱ ዉጅግራ ያበጠው በሌላው ዉጅግራ አልገባ ሊል ይችላል። በሞረድ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማስገባት ሳይሆን አይቀርም የብዙ ሰው ጣት የቆረጠው።

ይህን አንብቦ ያባቱን ጠመንጃ ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄድ ቢኖር አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177ን ያንብብ፤ ጠመንጃ መሥራትም ማደስም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ዘመኑም በጨዋታ የሚታለፍ ዘመን አይደለም፤ በጎንደር ደጋ ከጠመንጃ ይልቅ የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

ሪመሩ ግን በሕግ አልተከለከለም። ባለፈው ወር በጎንደር ከተማ አንድ ቶርኖ ቤት ገብቼ ነበር። እንደ ቀድሞ ተማሪዎቼ ያለ ወጣት የአንድ አይሱዙ መኪና የሞተር ክዳን በሞርሳ አሥሮ የቫልቩን ማለፊያ በሪመር ያለሰልሳል። መሣሪያዎቹን በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እያንዳንዱን ለብቻው፣ አንዱ ካንዱ እንዳይነካካ አድርጎ በሣጥን አስቀምጧል። ሪመርን ወደ ኋላ ማዞር ከንፈሩን ይሰብረዋል ብሎ አስተማረኝ፤ እኔም በደብተሬ ጻፍሁ። ከሥራው ሲወጣ ግን እጁን በቤንዚን ደጋግሞ ይታጠባል፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው እጮኛው ቤተሰቦች በቢሮ የሚሠራ እንደሚመስላቸው ሹክ አለኝ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ ምሳሌው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጋፋትም ስሟ ለጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ ተሰጥቷል። እኔ ከአንባብያን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሪመር» የሚለውን ቃል አልወደድሁትም። በየአገራችሁ፣ በወገራም ሆነ በደምቢያ፣ በአርማጭሆም ሆነ በስሜን፣ ቀጥቃጮች ቀዳዳ በልክ የሚያሰፉበትን መሣሪያ በአማርኛ ምን እንደሚሉት ጠይቃችሁ ጻፉልኝ፤ ስትጠይቁም የሚያቀርቡላችሁን ቡና ጠጡ።